ቁልፍ የሌለው ሰንጢ

ሰባት ሳምንት ሙሉ ሰንጢ በኪሴ ይዤ ስዞር ከረምኩ። ነገሩን ለሁለት የቆዩ ወዳጆቼ ባጫውታቸው ሁለቱም፣ የተማከሩ ይመስል፣ «ምነው? ማን ዛተብህ?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰንጢ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል። ሰንጢ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ጨለማ ቅያስ፣ የታክሲ ግፊያና የተቀደደ ቦርሳ ነው።

እኔ ባደግኩበት ቤት ግን ሰንጢ እንደ ከዘራና እንደ ባርኔጣ የአባት ዕቃ ነበር። አባቴ ከኮቱ የውስጥ ኪስ እያወጣ ሸንኮራ ይልጥልናል፣ እርሳሳችንን ይቀርጽልናል፣ የጆንያ ሲባጎ ይበጥስበታል። እሾህ ሲወጋንም ጫፉን በኩራዝ እሳት ለብለብ አድርጎ፣ እግራችንን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያወጣልን ነበር። እሱ ሲያርፍ ጋቢውንም መጻሕፍቱንም ተካፈልን፤ ሰንጢው ግን የት እንደገባ ማንም አላወቀም። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ የገዛኋቸው የሚያብረቀርቁ የቻይና ሰንጢዎች አንዳቸውም ዓመት አልሞላልኝም። የመጨረሻው አንድ የካርቶን ሣጥን ስከፍትበት ከማጠፊያው ተነቅሎ እጀታው ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

እናም በዚህ ዓምድ ስለ ጃንጥላና ስለ ንባብ መነጽር እንደተጨዋወትነው ሁሉ፣ አንድ በእጅ የተሠራ ሰንጢ አሠርቼ በየቀኑ እየያዝኩ ልፈትነውና የሆነውን ላጫውታችሁ አሰብኩ። መጨረሻው እንዳሰብኩት አልሆነም። እሱን እንደርስበታለን።

ያሠራሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ ካለ አንድ ባለ እጅ ዘንድ ነው። ምናለሽ ተራን ለማታውቁ፣ ከተማው የጣለው ብረት ሁሉ ዳግም የሚወለድበት ሰፈር ነው። አሮጌ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፣ ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ጆሮ የሚያደነቁረው የመዶሻ ድምፅ ከሩቅ ይጠራችኋል። የእኔ ባለ እጅ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሰንጢ እንደምፈልግ ስነግረው «ለምን ሥራ ነው፣ አባት?» አለኝ። «ለሁሉም» አልኩት። አልተስማማውም። «ሥጋ ነው? ገመድ ነው? ፍራፍሬ ነው? ይንገሩኝ፤ ስለቱን የማሳሳው በዚያ ልክ ነው።» ለካ ለብርቱካን የሚሆን ስለት ስስ ይሆናል፤ በዚያ ስለት ግን እንጨት ቢቀርጹበት አፉ ይሸረፋል። ለእንጨት የሚሆነው ደግሞ ትከሻው ወፈር ስለሚል ቲማቲሙን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል። መሀሉን ተስማማን።

ብረቱ የመኪና ባሊስትራ ነው። ባሊስትራ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲታጠፍና ሲቃና የኖረ ብረት ስለሆነ ሲያጠነክሩት ይጠነክራል፣ በቀላሉም አይሰበርም። ሁለት ከሰዓት ሙሉ ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ከሰል ውስጥ አግሎ መስፍ ላይ ቀጠቀጠው፤ ቅርጽ ሲይዝ በሞረድ አስተካከለው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ግን ዓይኔን ከፈተው። ብረቱን እንደገና ሲያግለው በሽቦ የተንጠለጠለች ትንሽ ማግኔት ያስጠጋበታል። ማግኔቷ ስትሳብ «ገና» ይላል። ብረት ሙቀቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ባለ እጁ ቴርሞሜትር የለው፣ ማግኔቷ ታገለግለዋለች። መሳቧን ስትተው ትንሽ ጨመር አድርጎ አገለውና ዘይት ውስጥ ጨመረው። ጭሱ ሁለታችንንም አስለቀሰን።

እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። «አሁን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ነው» አለኝ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን አሸና፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ያሞቀው ጀመር። ከ200 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ላዩ ላይ የገለባ ቀለም የመሰለ ቢጫ ይመጣል። ያኔ ያነሣዋል። እሱን አልፎ ሰማያዊ ከሆነ ለስልሷል ማለት ነው፤ ለቢላ አይሆንም። የበዓል ሰሞን በየሰፈሩ በሚሽከረከር መሳያ የሚሳሉ ቢላዎቻችን አንዳንዴ ወዲያው የሚዶለዱሙትም ለዚህ ነው። ፍንጣሪ እየረጨ ሲሳል አፉ ላይ ሰማያዊ ጥላ ካያችሁ ቢላው ተቃጥሏል። አንድ የባለቤቴን ጥሩ ቢላ እንዲሁ አስበልቻለሁና የምናገረው ከኪሳራ ነው።

እጀታው ወይራ ነው፣ ማጠፊያው አንድ የነሐስ ሪቬት። ስለቱ ከኋላው አጭር ጭራ አለችው፤ ሲከፈት አውራ ጣት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ስለቱን ከፍቶ የሚያቆየው ሪቬቱ የሚፈጥረው ጥብቀትና የያዥው ጣት ብቻ ነው። ባለ እጁ ሲያስረክበኝ ሁለት ነገር ነገረኝ። «እርጥብ አድርገው አይጠፉት። ቁልፍ ደግሞ የለውም፤ በጫፉ አይውጉበት።» የመጀመሪያውን በደንብ ሰማሁ። ሁለተኛውን በአውቶቡስ ውስጥ የሚነገር ማሳሰቢያ የሰማሁትን ያህል ሰማሁት።

ዋጋው ከቻይናው አራት እጥፍ ነው። ለአንድ ዘመድ ይህን ስነግረው «ለቀጥቃጭ ይኼ ሁሉ?» አለ። እኔ ባደግኩበት ገጠር ባለ እጁ ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ምሳሩንም ይሠራልን ነበር፤ በሠራው ማረሻ ታርሶ የበቀለውን እንጀራ ግን አብሮን አይቆርስም። ዓይኑን እንፈራለን ብለን ልጆች እንሸሸዋለን። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ አዋጁ የዘመዴ ጆሮ ገና አልደረሰም። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። በመጀመሪያው ቀን ባለ እጁ ቡና ሲጋብዘኝ ከሃምሳ ዓመት በፊት የሰማሁት ነገር ሁሉ አንዴ በልቤ ብልጭ ብሎ አለፈ። ቡናውን ጠጣሁ፤ ሁለተኛም አስደገምኩ።

ወደ ሰንጢው እንመለስ። ታጥፎ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 90 ግራም ሆነ። ለሱሪ ኪስ ከባድ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጭራዋ የኪሴን ገበር በላችው፤ ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ጣፈችው፤ ዝም ማለቷ ራሱ ንግግር ነበር።

አቆራረጡ ግን የአባቴን ዘመን አስታወሰኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ የካርቶን ሣጥን፣ የናይለን ገመድ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የአልጋ ልብስ ክር ቆረጥኩበት። ቲማቲም ላይ ሳልጫነው በክብደቱ ብቻ ገባ። ሎሚ በቆረጥኩ ማግስት ስለቱ ላይ ግራጫና ሰማያዊ ደመና የመሰለ ነገር ወጣበትና ዛገ ብዬ ደነገጥኩ። ዝገት አይደለም። የማይዝግ ተብሎ የሚሸጠው ብረት ክሮሚየም ስላለበት አይለወጥም፤ ባሊስትራ ግን የፍራፍሬ አሲድ ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም ከቀዩ ዝገት ትንሽ ይከላከልለታል። ቀይ ካያችሁ ግን ዝገት ነውና ወዲያው ጥረጉት።

ቁርጥ ቤት ይዤው የሄድኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሰንጢ ለምን ይጠቅማል ለሚለኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሥጋውን በግራ እጅ ወጠር አድርጎ በቀኝ ሸርተት ማድረግ ነው፤ ቁርጥ ቤቱ የሚሰጣችሁ ቢላ አንዳንዴ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይኸኛው በአንድ ስበት ጨረሰ። ከኪሴ ሳወጣው ግን ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ወጣቶች ወንበራቸውን ሸሸት አድርገዋል። ቤት ስመለስ ማጠፊያው ውስጥ የገባውን ደምና ጮማ በጥርስ ብሩሽና በሙቅ ውኃ እስካጸዳ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የሚታጠፍ ቢላ ለሥጋ ያለው ችግር ይኼ ነው፤ ቆሻሻው ከማይታይ ቦታ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ለቁርጥ አልወሰድኩትም።

ለሦስት ሳምንት ያህል ሳልስለው ቆረጠ። በአራተኛው ጠፍጣፋ የመሳያ ድንጋይ አርጥቤ፣ ጀርባውን ከድንጋዩ በሁለት ሳንቲም ውፍረት ያህል ቀና አድርጌ፣ በአንድ በኩል አሥር ጊዜ፣ በሌላው አሥር ጊዜ ሳብኩት። ተመለሰ።

የበደልኩት በዘይት ነው። እንዳይዝግ ዘይት ንካው ስለተባልኩ ወጥ ቤት ያገኘሁትን የኑግ ዘይት ማጠፊያው ውስጥ ጠብ አደረግኩ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ውሎ አድሮ እየደረቀ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዓይነት ነው። በሳምንቱ ሰንጢው በጥርስ ካልሆነ አልከፈት አለ። በነጭ ጋዝ አጥቤ በምትኩ የስፌት መኪና ዘይት ጨመርኩበት። ያኔ እጀታውን ያዝ አድርጎ አንዴ ወዝወዝ ሲያደርጉት ፏ ብሎ የሚከፈት ሆነ። በጣም ደስ አለኝ። ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ።

ከተማ ውስጥ ይዞ መዞሩ ሌላ ፈተና ነው። ዛሬ ሳይፈተሹ የሚገቡበት ቤት ጥቂት ነው። አንድ ባንክ በር ላይ ጥበቃዋ ተቀብላ የቁጥር ካርድ ሰጠችኝ፣ ስወጣ በትሕትና መለሰችልኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ግን «አባት፣ ይኼን ይዘው አይገቡም፤ እኛም አናስቀምጥም» ብለው መለሱኝ። ትክክል ናቸው። ከአጥሩ ሥር ጫማ ለሚጠርግ ልጅ አደራ ሰጥቼው ገባሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ የአንድ ደንበኛ ጫማ ሶል ላይ የተረፈውን ላስቲክ እየከረከመበት አገኘሁት። ቀና ብሎ «አባባ፣ ይኼ የት ይሸጣል?» አለኝ። ከፈተናው ሁሉ የተሻለ ምስክርነት ያገኘሁት ከእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ጉዳይ ያለኝ ቀን ቤት ትቼው እወጣለሁ።

ለንደን ያለው ወንድ ልጄ ፎቶውን አይቶ «ለእኔም አንድ አሠራልኝ» አለ። እዚያ አገር ሕጉ ያስቃል። ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቀደው የሚታጠፍ ሆኖ፣ የስለቱ ርዝመት ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ተከፍቶ የሚቆለፍ ያልሆነ ነው። የእኔ ሰንጢ ወደ አራት ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ልዩነት ወንጀለኛ ነው። ልጄ ደግሞ ወጥ ቤቱ ውስጥ ኦፒኔል የሚባል የፈረንሳይ ሰንጢ አለው፤ እሱም ስለሚቆለፍ ይዞት አይወጣም። ኦፒኔልን ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው ሳቯ በሚባለው ተራራማ አገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። እንደ እኔው በእንጨት እጀታ፣ ያለ ቁልፍ። ስለቱን ቆልፎ የሚይዘው የሚዞር የብረት ቀለበት የተጨመረለት በ1955 ነው። በመሀል 65 ዓመት አለ። የስንት ፈረንሳዊ ጣት እንደተቆረጠ እግዜር ይወቀው ብዬ ከልጄ ጋር በስልክ ስቀናል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሳቁ ጠፋ።

የሴቷ ልጄ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ሥራ ስለምትገባ ከእኛ ጋር ይውላል። ሰንጢው ከመጣ ጀምሮ እርሳስ መቅረጽ አስተምረው ነበር። ከሰውነትህ ወደ ውጭ፣ አውራ ጣትህ ጀርባው ላይ፣ ማንም በክንድህ ርዝመት ውስጥ አይቁም። ልጁ ጥንቁቅ ነው። የጃፓን ተማሪዎች በአንድ ዘመን እርሳሳቸውን የሚቀርጹት ሂጎኖካሚ በሚባል፣ እንደዚሁ ቁልፍ በሌለው ሰንጢ እንደነበር ነግሬው ከዚያ ወዲህ መቅረጫ አልነካም ብሏል። ሦስት ቅዳሜ ምንም አልሆነም። ለእናቱ ግን አልነገርናትም። «ለእማዬ እንዳትነግራት» አላልኩትም፤ ዝም ብለን ሁለታችንም ሳንነግራት ቀረን። አያቶች ይህን ዓይነት ዝምታ እናውቀዋለን።

በአራተኛው ቅዳሜ ከውኃ ፕላስቲክ መኪና እየሠራ ነበር። እኔ አጠገቡ ጋዜጣ አነባለሁ። ስልኬ ጮኸ፣ እህቴ ናት፤ ድምፅ አልሰማ ሲለኝ ወደ ግቢ ወጣሁ። ጎማ የሚሆኑትን ቆርኪዎች መሀል መሀላቸውን መብሳት አስፈልጎት ሰንጢውን ከጠረጴዛው አነሣ። ጫፉን ቆርኪው ላይ አቁሞ ተጫነው። እኔ በዘይት ያላላሁት ማጠፊያ ታጠፈና ስለቱ እጀታውን በያዘው ጣቱ ላይ ወደቀ።

አልጮኸም። ስመለስ ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ ቆሞ ነበር፤ ደሙ በክንዱ ወርዶ ክርኑ ላይ ይንጠባጠባል። «አባባ፣ ሰንጢው ተበላሸ» አለኝ።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ይጠቅማልና። በቧንቧ ውኃ አጠብኩት፣ ንጹሕ ፎጣ በጣቱ ላይ አጥብቄ ያዝኩ፣ እጁን ከልቡ በላይ ከፍ አደረግኩ። ጎረቤታችን የተፈጨ ቡና በማንኪያ ይዘው ሮጡ። እናቶቻችን ያደረጉትን ነው፤ ግን ቡና ቁስል ውስጥ ቆሻሻ ያስገባል፣ ሐኪሙንም ለማጽዳት ያስቸግረዋል። አመስግኜ መለስኳቸው፤ ትንሽ ተቀየሙ። በየደቂቃው ቆመ አልቆመ ብሎ ፎጣውን ማንሣትም ጥሩ አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ሳይነሡ መጫን ነው። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ ጣቱን እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ አደረገችው፤ ጅማቱ ደኅና ነው። ሦስት ቦታ ሰፋችው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ መቼ እንደሆነ ስትጠይቀኝ አላወቅኩም። ለዚህ መልስ እናቱን መደወል ነበረብኝ።

ልጄ ስትናደድ አትጮህም። ሲከፋት ብቻ «አንቱ» ትለኛለች። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ሰጡት?»

«አራት ቅዳሜ።»

«ለእኔ ያልነገሩኝ ለምንድን ነው?»

መልስ ነበረኝ። በእኛ ጊዜ ልጅ በስምንት ዓመቱ ማጭድ ይይዝ ነበር፣ የዛሬ ልጅ እጁ ከስልክ በቀር የሚያውቀው የለም፣ ወዘተ። ስፈትነው በነበረው ሰንጢ ላይ ልጽፍ ያሰብኩት ግማሹ እሱ ነበር። አልተናገርኩም። የነገርኳት እውነተኛውን ነው። ብነግራት እምቢ እንደምትል አውቅ ነበር።

«እምቢ ልል እችል ነበር» አለች። «ደግሞ ላልልም እችል ነበር። ቢያንስ ግን አንድ ነገር እጠይቅዎ ነበር፤ ይቆለፋል ወይ ብዬ።»

ሰንጢውን ተቀብላኝ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

ልጁን የከነከነው ሌላ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ «ያስተማርከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ እኮ» እያለ ይመላለስበታል። እውነቱን ነው። መቁረጥ አስተማርኩት፤ በጫፍ መውጋት ሌላ ነገር መሆኑን፣ ሲወጉበት ስለቱ ወደ ራሱ ጣት እንደሚታጠፍ አላስተማርኩትም። ባለ እጁ ለእኔ ነግሮኝ ነበር፤ ነገሩ እኔ ዘንድ ቀረ። ይህንን ለልጁ እንዳለ ነገርኩት። «እንዲያውም ዘይቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ለእማዬ ነግረሃታል?» አለኝ። ያንን አልነገርኳትም ነበር። ማታ ደውዬ ነገርኳት።

ሰንጢውን ለአንድ ቀን ለምኜ ወደ ምናለሽ ተራ ወሰድኩት። ባለ እጁ ከፍቶ ዘጋው፣ ወዘወዘው፣ ፊቱ ጠቆረ። ሪቬቱን መስፍ ላይ አስቀምጦ ሦስት ጊዜ በትንሽ መዶሻ መታው፤ ስለቱ ተመልሶ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይከፈት ሆነ። እንደዚያ መሆን ነበረበት። የፈረንሳዩን ቀለበት ነግሬው ከነሐስ ቧንቧ ሊሠራልኝ ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። ይቻላል አለ፤ ግን እጀታው ድቡልቡል ካልሆነ ቀለበት ስለማይዞርበት ሌላ እጀታ ይፈልጋል። ከዚያ የልጁን ዕድሜ ጠየቀኝ።

«የሚታጠፍ ለልጅ አይሰጥም» አለኝ። «እኔ ለልጆቼ የሠራሁት የማይታጠፍ ነው። አጭር፣ ጫፉ ክብ፣ ከቆዳ አፎቱ ጋር። የማይታጠፍ ነገር ጣት ላይ አይመለስም።» ከመደርደሪያው አንዱን አውርዶ አሳየኝ። የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ስንዝር አይሞላም። ኦፒኔልም ለልጆች ብሎ ጫፉ ክብ የሆነ እንደሚሠራ ልጄ ነግሮኝ ነበር፤ ያኛው ግን ይታጠፋል፣ ቀለበቱ ይቆልፈዋል። የባለ እጁ ሐሳብ ይሻላል ባይ ነኝ። አልገዛሁትም። ሳልነግራት አንድ ነገር ወደዚያ ቤት ይዤ ልገባ አልደፈርኩም። ፎቶውን ብቻ አንሥቼ ላክሁላት። አየችው፣ መልስ አልሰጠችም።

ስለ ሰንጢው የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ለአዋቂ ሰው፣ ለፍራፍሬና ለገመድ፣ ማጠፊያው ጠበቅ እንዳለ ከተያዘ ከገዛኋቸው ሁሉ ይበልጣል። ለሥጋ አልመርጠውም። ጉዳይ ላለው ሰው የከተማ ጓደኛ አይሆንም፤ ለገጠር መንገድና ለጓሮ ግን ይሆናል። ስታሠሩ ባለ እጁ የሚነግራችሁን ሁለተኛውንም ነገር ስሙ።

የልጁ ስፌት ባለፈው ማክሰኞ ተፈታ። ጣቱ ይታጠፋል፤ ጠባሳው ቀይ ክር ይመስላል፣ ለክፍል ጓደኞቹ እያሳየ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሐሙስ ማታ ልጄ መጥታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ስፈታው ሁለት የወጥ ቤት ቢላዎቿ ናቸው፤ አንዱ አፉ እንደ መጋዝ ተሸርፏል።

«ሰውዬው እነዚህን ይስልልኛል?» አለችኝ።

«ይስልልሻል።»

ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ጋ ደረሰችና ዞር አለች። «ትንሿን ደግሞ ስንት እንደሚል ጠይቅልኝ፣ አባዬ።»